የ1ኛ ክፍል ልጆች ያነበቡትን እንዲረዱ፦ የትኛው ታሪክ፣ የትኛው ተግባር፣ ለየትኛው ልጅ?

1ኛ ክፍል ውስጥ «ያነበበው አይገባውም» የሚባል ልጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምንባቡን ከላይ እስከ ታች ሳይሰናከል ይወጣዋል፤ «ማን ሄደ?» ሲባል ግን የመምህሩን ፊት ያያል። ሁለተኛው ሦስት ቃል ለማንበብ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያንኑ ታሪክ ሌላ ሰው ሲያነብለት ግን ማን ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ ከጓደኞቹ ቀድሞ ይናገራል። ችግራቸው ለየቅል ነው። በብዙ ክፍሎች ውስጥ የሚታዘዝላቸው ግን አንድ ነው፦ ምንባቡን ደግመህ አንብብ፣ ከሥሩ ያሉትን ጥያቄዎች መልስ።

ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት አስተሳሰብ፣ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው፦ ፊደሉን ወደ ቃል መለወጥ እና ቋንቋውን ሰምቶ መረዳት። ድምር ቢሆን ኖሮ የአንዱ ጥንካሬ የሌላውን ድክመት ይሸፍን ነበር። ብዜት ስለሆነ ግን አንዱ ዜሮ ሲሆን ውጤቱም ዜሮ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ያወዳደርነውም በዚሁ መለኪያ ነው፦ ይህ መንገድ የሚያጠናክረው ከሁለቱ የትኛውን ነው? ልጁ የጎደለውስ የትኛው ነው?

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። ስለዚህ «አዳምጦ መረዳት» እና «አንብቦ መረዳት» የሚሉት ርእሶች ለመምህራን እንግዳ አይደሉም። የሚያስቸግረው በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የትኛውን ወስዶ የትኛውን መተው እንደሚሻል ነው።

መጀመሪያ ልጁ የቱ ጋ እንደሚሰናከል ይለዩ

ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሚከተለውን 40 ያህል ቃላት ያሉት ታሪክ ሳይቸኩሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡለት፦

«ሰላም ትንሹን ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጭ ሄደች። ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞላችና በእጇ አንጠልጥላ ተመለሰች። መንገዱ ደረቅ ነበር፤ አቧራው ይቦንናል። ቤት ስትደርስ እናቷ ጀሪካኑን ተቀበለቻትና ‹ምነው ቀለለ?› አለቻት። ሰላም ዞር ብላ የመጣችበትን መንገድ አየች። አቧራው ላይ እስከ ደጃፉ የሚደርስ ቀጭን እርጥብ መስመር ነበር።»

ከዚያ አምስት ጥያቄ፦ ሰላም ወዴት ሄደች? ቤት ስትደርስ ማን ተቀበላት? «ምነው ቀለለ?» ያለችው ማን ናት? ጀሪካኑ ለምን ቀለለ? በምን አወቅህ? የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልሶች ታሪኩ ውስጥ በቀጥታ ተነግረዋል። ጀሪካኑ ማፍሰሱን ግን ታሪኩ የትም ቦታ አይናገርም፤ ልጁ እርጥቡን መስመርና የጀሪካኑን መቅለል ራሱ ማገናኘት አለበት።

ቀጥሎ ይህን በትልቁ የተጻፈ ጽሑፍ ራሱ ያንብበው፦ «ካሣ በግ አለው። በጉ ጎመን በላ። ካሣ ሮጠ።» እንዳነበበ «ካሣ ለምን ሮጠ?» ብለው ይጠይቁት።

ከመጀመሪያው ታሪክ ጥያቄዎች አራቱን ወይም አምስቱንም መልሶ ሁለተኛው ላይ ከፊደሉ ጋር የሚታገል ልጅ ጆሮው ደህና ነው፤ የጎደለው የፊደልና የቃል ንባብ ልምምድ ነው። ሁለተኛውን ጥርት አድርጎ አንብቦ «ለምን ሮጠ?» ሲባል ዝም የሚል፣ በጆሮ ከሰማውም ታሪክ ከ«ወዴት ሄደች?» የማያልፍ ልጅ ደግሞ የሚያስፈልገው ብዙ ታሪክ መስማትና ስለ ታሪኩ መነጋገር ነው። ለእርሱ ምንባቡን አሥር ጊዜ ማስደገም አይጠቅመውም። ሁለቱም የጎደለው ልጅ ሁለቱንም ሥራ ይፈልጋል፤ ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ላይ ለማሠራት ግን አይሞክሩ።

60 ልጅ ባለበት ክፍል በቀን ሦስት ልጅ ብቻ ቢያዩ በአራት ሳምንት ክፍሉ ያልቃል። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ዓይን አፋር ልጅ ዝም ሲል አልገባውም ብለው አይደምድሙ፤ በጣቱ እንዲያሳይ ወይም በእንቅስቃሴ እንዲሠራው ይፍቀዱለት። ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ደግሞ በቤቱ ቋንቋ ቢመልስ መረዳቱን አሳይቷል፤ የቀረው አማርኛው ነው።

ታሪኩ በምን መንገድ ይቅረብ?

በቃል መተረክ፣ ከመጽሐፍ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሎ አብሮ ማንበብ፣ ልጁ ለብቻው ማንበብ፤ አራቱም ቦታ አላቸው፤ የአንዱን ሥራ ለሌላው ሲሰጡት ግን ይበላሻል።

በቃል መተረክ መጽሐፍ አይፈልግም፤ 70 ልጅም በአንድ ጊዜ ይይዛል። «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» የሚል ልጅ ጆሮውን ገና ሳይጠየቅ ሰጥቷል። ተራኪው የልጆቹን ዓይን እያየ ስለሚተርክ የት እንደጠፋባቸው ወዲያው ያውቃል። ጉድለቱ በየጊዜው ቃሉ መቀያየሩ ነው። የአፍ ንግግር አጫጭር ዐረፍተ ነገር ይወዳል፤ «ይሁን እንጂ»፣ «ከመድረሷ በፊት»፣ «የመጣችበትን መንገድ» የመሰሉት አነጋገሮች የሚበዙት በመጽሐፍ ነው። በቃል ብቻ ያደገ ልጅ 3ኛ ክፍል ላይ ረጅም ምንባብ ሲመጣበት የሚደናገረው ለዚህ ነው።

ከመጽሐፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ይህን ክፍተት ይሞላል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ለማድረግ ጊዜ ያለው መምህር ይህንን ይምረጥ። ልጆቹ ገና ጥቂት ፊደል በሚያውቁበት ወቅት ራሳቸው የሚያነቡት ጽሑፍ ስምንት ወይም አሥር ቃል ነው፤ በስምንት ቃል ደግሞ የሰውን ፍላጎት፣ ስሕተትና ጸጸት ማስተማር ይከብዳል። ጆሯቸው ግን የ200 ቃል ታሪክ መሸከም ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ100 እስከ 200 ቃል ያለው፣ አንድ ግልጽ ችግር የያዘ ታሪክ ይምረጡ። አስቀድመው ለራስዎ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ የሚቆሙባቸውን ሦስት ቦታዎች በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው፦ ባለታሪኮቹ እንደታወቁ፣ ችግሩ ሊፈታ ሲል፣ እና መጨረሻው ላይ። ታሪኩን ለመከተል የግድ የሚያስፈልጉ ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ብቻ አስቀድመው ያስረዱ። አሥር ቃል አስረድተው ሲጨርሱ ክፍለ ጊዜውም የልጆቹም ትዕግሥት አልቋል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሳይቆሙ ያንብቡ። በሁለተኛው ቀን ያንኑ ታሪክ እየቆሙ «ለምን?» ይበሉ። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ይተርኩት። አንድን ታሪክ ሦስት ቀን ማንበብ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁንና በመጀመሪያው ንባብ የልጁ ሐሳብ ሁሉ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» ላይ ነው፤ «ለምን ሆነ?» የሚለውን ማሰብ የሚጀምረው መጨረሻውን ካወቀ በኋላ ነው።

የሚበላሸውም በታወቁ ቦታዎች ነው። በየዐረፍተ ነገሩ ቆሞ መጠየቅ ታሪኩን ይቆራርጠዋል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ያስታውሳሉ፣ ታሪኩን ይረሳሉ። «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ ይህ ጥያቄ ምንም አይለካም። ሥዕሉን አስቀድሞ ማሳየት ደግሞ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ይገድለዋል፤ መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ ገጹ ይገለጥ።

አብሮ ማንበብ ማለት ከአራት እስከ ስድስት ዐረፍተ ነገር በትልቅ ወረቀት ወይም በሰሌዳ ጽፎ፣ በዘንግ እያመለከቱ ከክፍሉ ጋር ማንበብ ነው። ፊደሉ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ለተቀመጠ ልጅ እንዲታይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው። ጥቅሙ ጆሮና ዓይን መገናኘታቸው ነው። አደጋው ሽምደዳ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጣሪያውን እያዩ የሚያነበንቡ ልጆች ይኖራሉ። ለመለየት ከመካከል አንድ ቃል በእጅዎ ሸፍነው ምን እንደነበር ይጠይቁ፤ ወይም ከታች ወደ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጠቁመው ያስነብቡ።

ልጁ ራሱ የሚያነበው ጽሑፍ

ፊደላችን 33 ዋና ፊደላት በሰባት ቤት ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ልጁ ይህን ሁሉ እስኪጨርስ ታሪክ ሳያነብ መቆየት የለበትም፤ ያልተማረው ፊደል የበዛበት ጽሑፍ ሲሰጠው ደግሞ መገመት ይጀምራል። መካከለኛው መንገድ ከሞላ ጎደል የተማራቸውን ፊደላት ብቻ የያዘ አጭር ጽሑፍ ነው። የካሣ በግ ታሪክ ስምንት ቃል ነው፤ የሚጠይቀውም 14 የፊደል ቅርጾችን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ መምህሩ ራሱ መጻፍ ይችላል። ከአሥር ቃል ውስጥ ያልተማሩት ፊደል ያለበት ከአንድ አይብለጥ።

ሲጽፉ በቀላሉ የሚያመልጥ ነገር አለ። «ላሟ»፣ «እናቷ»፣ «ቤቷ» የሚሉት ቃላት «ሟ»፣ «ቷ» የሚሉትን ቅርጾች ይፈልጋሉ፤ እነዚህ ደግሞ ዘግይተው ነው የሚመጡት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አጫጭር ታሪኮች ባለታሪክ ወንድ ቢሆን («በጉ»፣ «ቤቱ»)፣ ሴት ከሆነች ደግሞ ንብረቷ እንደ «ጥጃዋ» እና «ዶሮዋ» በ«ዋ» የሚያልቅ ቢሆን ይቀላል።

የእነዚህ ጽሑፎች ድክመት ታሪክ አልባ መሆናቸው ነው። «ላም ሳር በላች። በግ ሳር በላ።» የሚለው ፊደል ያለማምዳል፤ የሚጠየቅ ነገር ግን የለውም። መድኃኒቱ አንድ ነገር ሳይናገሩ መተው ነው። «ካሣ ሮጠ» ከተባለ በኋላ ለምን እንደሮጠ ልጁ ያስባል፦ በጉን ሊያባርር? ለእናቱ ሊናገር? ቁጣ ፈርቶ? ሦስቱም ያስኬዳሉ፤ «ተኝቶ ስለነበር» የሚለው ግን አያስኬድም። ስምንት ቃል ላይም እውነተኛ ውይይት ይቻላል።

ሥዕልን ተከትሎ የሚደጋገም ጽሑፍ («ይህ በግ ነው። ይህ ውሻ ነው።») መጽሐፍ አያያዝን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብን ያስለምዳል። ከሁለት ሳምንት በላይ ግን አይቆዩበት፤ ልጁ ሥዕሉን እያየ እንጂ ፊደሉን እያየ አይደለም የሚናገረው።

እንደ አፍሪካን ስቶሪቡክ እና ስቶሪዊቨር ካሉ ነፃ የኢንተርኔት መደብሮች የአማርኛ ታሪኮችን ማውረድና ማተም ይቻላል። መጽሐፍ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ በረከት ናቸው። ችግሩ ደረጃቸው በአብዛኛው የሚለካው በቃላት ብዛት መሆኑ ነው። አማርኛ በአንድ ቃል የሚለውን እንግሊዝኛ በአራትና በአምስት ቃል ስለሚለው፣ «ደረጃ 2» የተባለ የተተረጎመ ታሪክ ለ1ኛ ክፍል ልጅ ሊከብድ ይችላል። ደረጃውን ሳይሆን ቃላቱን ያንብቡ። ከአምስት ፊደል በላይ ያላቸው ቃላት የበዙበትን መምህሩ ያንብበው፤ ለልጁ አይስጡት። ትርጉሙ የተንጋደደውንም ከማንበብዎ በፊት ያቅኑት።

አማርኛ የሚጠይቀው ለየት ያለ ልምምድ

«አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ ግን ማን እንዳልተናገረች፣ ለማን እንዳልተናገረች፣ ነገሩ አለመደረጉንም ይዟል። ይህን ቃል በትክክል ድምፅ አውጥቶ ያነበበ ልጅ ማን ለማን እንዳልነገረ ላያውቅ ይችላል። «ተቀበለቻትና» ላይም እንዲሁ ነው፤ ጀሪካኑን የያዘችው ማን ናት፣ የተቀበለችው ማን ናት? የ1ኛ ክፍል ልጆች እዚህ ላይ በቀላሉ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ልምምዱ ቀላል ነው፦ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መምህሯ «ሰጠችው»፣ «ሰጣት» እያለች ትናገራለች፤ ልጆቹ ጠመኔውን በትክክለኛው አቅጣጫ ያቀብላሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ግሡ ጋ ሲደርስ የዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ረስቶታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ፊደል በፊደል ከለቀመ በኋላ ያንኑ በአንድ ትንፋሽ ደግሞ እንዲያነበው ያድርጉ፤ ጥያቄው ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ይምጣ። ለእንግሊዝኛ የወጡ «በደቂቃ ይህን ያህል ቃል» የሚሉ መመዘኛዎችን እንዳሉ አይውሰዱ፤ ቃሎቻችን ይረዝማሉ።

ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና አልመጣም» እና «ለገና በግ ታረደ» ላይ ያለው «ገና» በዓይን አንድ ነው። ልጁ መጀመሪያ አላልቶ አንብቦት ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ካጠበቀው፣ እየተረዳ እንደሚያነብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ተሳሳትክ» አይበሉት፤ «ለምን ቀየርከው?» ብለው ይጠይቁት፤ ክፍሉም ይስማ።

ከታሪኩ በኋላ የትኛው ተግባር?

የተግባራት ጥቅም የሚለካው ልጁን ወደ ታሪኩ በመመለሳቸው ነው። ታሪኩን ያልሰማ ልጅ ሊሠራው የሚችል ተግባር ምንም ያህል ቢያምር ለመረዳት አይጠቅምም።

የጽሑፍ ጥያቄና መልስ በብዛት የሚሠራበት ነው፤ በ1ኛ ክፍል ግን ከሁሉ ደካማው ነው። አንደኛ፣ የሚለካው የልጁን የእጅ ጽሕፈት ነው። ሁለተኛ፣ ሳይረዱ መገልበጥ ይቻላል። «ሰላም ወዴት ሄደች?» ሲባል ልጁ «ሰላም» እና «ሄደች» የሚሉትን ቃላት ፈልጎ ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ ይገለብጣል፤ ሙሉ ነጥብም ያገኛል። «እውነት ወይስ ሐሰት» ደግሞ በግምት ብቻ ግማሹን ያስገኛል፤ ከተጠቀሙበት «ለምን ሐሰት ሆነ?» የሚለውን በቃል ያስከትሉ። ለአንድ ታሪክ የምንመክረው አምስት የቃል ጥያቄ ነው፦ ሁለት ታሪኩ ውስጥ በቀጥታ ያሉ፣ ሁለት ማገናዘብ የሚፈልጉ፣ አንድ ደግሞ የልጁን ሐሳብ የሚጠይቅ («አንቺ ብትሆኚ ቀዳዳውን ስታዪ ምን ታደርጊ ነበር?»)። ከማገናዘቢያው ጥያቄ በኋላ ሁልጊዜ «በምን አወቅሽ?» ይበሉ። ትክክል የመለሰውንም ይጠይቁ፤ ያለበለዚያ ልጆቹ ጥያቄው ሲደገም መሳሳታቸውን የሚያሳይ ምልክት አድርገው ይወስዱታል።

መልሶ መተረክ በእኛ ግምት ከሁሉም ይበልጣል። ወረቀት አይፈልግም፤ ልጁ ታሪኩን ከነአንጓው እንዲይዝ ያስገድደዋል። አምስቱን ጣቶች ይጠቀሙ፦ አውራ ጣት ማን፣ ሌባ ጣት የት፣ መሐል ጣት ምን ችግር ገጠመ፣ የቀለበት ጣት ምን ተደረገ፣ ትንሿ ጣት በመጨረሻ ምን ሆነ። ዴስክ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ልጆች አንዱ ይተርካል፣ ሌላው የተዘለለውን ጣት ይፈልጋል። ለሰሚው ሥራ ካልተሰጠው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨዋታ ይጀምራል። ብዙ ልጆች መጀመሪያ ላይ «ከዚያ… ከዚያ… ከዚያ» እያሉ ድርጊቶቹን ብቻ ይደረድራሉ። አያስቁሟቸው፤ ሲጨርሱ አንድ ቦታ መርጠው «ይህ የሆነው ለምንድን ነው?» ይበሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ስለዚህ» እና «ምክንያቱም» መስማት ይጀምራሉ።

ሥዕሎችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ በደንብ ለማይናገሩ ልጆች ጥሩ ነው። በሦስት ሥዕል ይጀምሩ፣ ወደ አራት ይለፉ። ወጥመዱ ሥዕሎቹ ያለ ታሪኩም መደርደር መቻላቸው ነው፤ ባዶ ጀሪካን፣ ሙሉ ጀሪካን፣ ቤት ቢሆን ማንም ይደረድረዋል። የክፍሉን ታሪክ ያልሰማ ልጅ ከሌላ ክፍል አስመጥተው ይሞክሩ፤ በትክክል ከደረደረው ሥዕሎቹን ይቀይሩ።

ድራማ ስሜትንና ድርጊትን ሕያው ያደርጋል፤ 60 ልጅ ባለበት ክፍል ግን አራት ልጅ ሲጫወት 56ቱ ይመለከታል። ሙሉውን ታሪክ አያስጫውቱ። ሁሉም በተቀመጡበት «አሁን የሰላም እናት ናችሁ፤ ጀሪካኑን ስትቀበሉ እጃችሁ ምን ሆነ? ፊታችሁስ?» ይበሏቸው። ሙሉ ነው ብሎ የተዘጋጀ ክንድ ቀላል ዕቃ ሲቀበል ወደ ላይ ይነሣል፤ ይህን የሠራ ልጅ ገብቶታል።

«የወደዳችሁትን ሥሉ» ከተባለ ባንዲራ፣ ቤትና አበባ ይመጣል። «ሰላም ዞር ስትል ያየችውን ሥሉ» ይበሉ፤ መስመሩን የሣለውና ያልሣለው ወዲያው ይለያሉ። ባዶ ቦታ መሙላት ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አጋማሽ በፊት አይቸኮልበት።

በነፃ ያለን፣ ግን ከንባብ ጋር ሳናገናኘው የምንተወው አንድ ሀብት እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» «ስሄድ አገኘሁት፣ ስመለስ አጣሁት።» መልሱ ጤዛ ነው። ልጁ መልሱን ሲያገኝ ያደረገው በትክክል ያንን ማገናዘብ ነው፦ ያልተነገረውን ከተነገረው ማውጣት። ስለዚህ መልሱ ከተገኘ በኋላ ዝም ብሎ ማለፍ ሳይሆን «ከየትኛው ቃል አወቅህ? ሲሄድ ጧት ነው ወይስ ቀትር?» ብሎ መጠየቅ ነው። በቀን አንድ እንቆቅልሽ ያለማመዱት ክፍል «ጀሪካኑ ለምን ቀለለ?» ሲባል መልሱ ሳይነገር ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል።

ትልቅ ክፍል፣ ቤት፣ ውጭ አገር

በትልቅ ክፍል ሳምንቱን በአንድ ታሪክ ይያዙት። ሰኞ ንባብ ብቻ፤ ማክሰኞ ንባብና «ለምን?»፤ ረቡዕ ከታሪኩ የተወሰዱ አራት ዐረፍተ ነገሮችን አብሮ ማንበብ፤ ሐሙስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መተረክ፤ ዓርብ ልጁ ራሱ የሚያነበው አጭር ጽሑፍ። ለዚህ በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ የቀረው ለፊደልና ለጽሕፈት ነው፤ ከዚያ ላይ መቀነስ የለበትም። ፊት ዴስክ ላይ ያሉት ብቻ እንዳይመልሱ የሁሉንም ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በጣሳ ያስቀምጡ፤ ጥያቄውን ይጠይቁ፣ አምስት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ስም ያውጡ። ስሙን አስቀድመው ከጠሩ የቀሩት ማሰብ ያቆማሉ።

ቤት ውስጥ፣ ማንበብ የማይችል ወላጅ ወይም አያት ተረት መንገርና «አሁን አንተ ንገረኝ» ማለት ይችላል። ይህ የአዳምጦ መረዳትን ትልቁን ድርሻ ይሸፍናል፤ ፊደሉን ትምህርት ቤት ይጨርሰው።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ የሚያድግ ልጅ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ማንበብ ስለለመደ ጽሑፍ ድምፅ መሆኑን ያውቃል፤ ፊደሉንም በጥቂት ወራት ሊይዝ ይችላል። የሚጎድለው አማርኛን ሰምቶ መረዳት ነው። ወላጆች ግን በአብዛኛው የፊደል ገበታ ገዝተው «ሀ ሁ» ያስቆጥራሉ፤ ልጁም የማይገባውን ጥርት አድርጎ የሚያነብ ይሆናል። ለእርሱ ጊዜውን ሁለት ሦስተኛ በሥዕል ለተደገፈ ትረካ ይስጡ፤ መልሱን መጀመሪያ በሚቀናው ቋንቋ ይቀበሉት፤ ከዚያ ያንኑ በአማርኛ አብራችሁ ድገሙት። ምንጭና ጀሪካን አይቶ የማያውቅ ከሆነ ከታሪኩ በፊት ፎቶ ያሳዩት።

መቼ ይቀየር?

የመረጡት መንገድ ለአራት ሳምንታት ይቆይ። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን የተጠቀሙበትን ሳይሆን ተመሳሳይ ርዝመት ያለው አዲስ ታሪክ አንብበው ያንኑ ዓይነት አምስት ጥያቄ ይጠይቁ። በቀጥታ የተነገሩትን የሚመልስ፣ ማገናዘቢያው ላይ ግን አሁንም የሚቆም ልጅ ካለ እንቆቅልሽና «በምን አወቅህ?» ይጨመርለት። በቀጥታ የተነገረውም ካመለጠው ታሪኩን ያሳጥሩ፣ ሥዕል ይጨምሩ፣ የማያውቃቸውን ቃላት ይፈትሹ። በጆሮ አምስቱንም የሚመልስ ልጅ ደግሞ ከጮክ ንባቡ ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ተወስዶ አጫጭር ጽሑፎችን ራሱ ያንብብ፤ ከአጠገቡም ሲያነብ የሚሰማው አንድ ሰው ይቀመጥ፤ ታላቅ ወንድም ወይም እኅትም ይሆናል።